በእግር የሄዱ፣ በኪታብ የተመለሱ



ውድ አድማጮቻችን! ስለ ሐጅ ሥርዓት፣ ስለ ጠዋፉ፣ ስለ ሰዕዩና ስለ ዐረፋ በየዓመቱ ብዙ ትምህርት ይሰጣል። አባቶቻችንን ወደ መካ ያደርሳቸው ስለነበረው መንገድ ግን እምብዛም አይነሳም። ያ መንገድ በእኛው ደጃፍ ያልፍ ስለነበር ዛሬ ጥቂት እንበልበት።

እንፍራንዝ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ዓፄ ሠርፀ ድንግል ባሠሩት በጉዛራ ግንብ አቅራቢያ የምትገኝ ከተማ ናት። ከጎጃም የባሶ ገበያ ተነስቶ በደሪጣና በይፋግ አድርጎ ወደ ጎንደር የሚወጣው የነጋዴ መንገድ ይህን አገር ያቋርጥ ነበር። ጎንደር ሲደርስ ሙስሊሙ መንገደኛ የሚያርፈው ከቀሃ ወንዝ ዳር ባለው የእስላም ሰፈር ነበር። ይህ ሰፈር በ1668 እ.ኤ.አ. በዓፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የተካሄደው ጉባኤ ሙስሊሞች ለብቻቸው ይስፈሩ ብሎ ከወሰነ በኋላ የጸና ነው። ከጎንደር ወዲያ መንገዱ ሁለት ነበር። አንደኛው በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ይወርዳል። ሁለተኛው በወገራ አልፎ፣ ሊማሊሞን ወርዶ፣ ተከዜን ተሻግሮ፣ በዐድዋ በኩል ምጽዋ ይደርሳል፤ ከዚያ በጀልባ ወደ ጂዳ ነው።

በዚህ መንገድ የሚሄዱት የአገራችን ሰዎች ብቻ አልነበሩም። ከምዕራብ አፍሪካና ከዳርፉር የሚነሱ፣ ተክሩር የሚባሉ ሁጃጆች አፍሪካን በእግራቸው አቋርጠው፣ ከፊሎቹ በጎንደር በኩል ወደ ምጽዋ ይወጡ ነበር። በመተማ አካባቢ የሰፈሩት ተክሩሮች ከእነዚሁ መንገደኞች የመጡ ናቸው። በ1814 እ.ኤ.አ. በሱዳን ያለፈው ስዊዘርላንዳዊው ተጓዥ ቡርክሃርት እነዚህን ሰዎች በቅርብ አይቶ የያዙትን ዕቃ አንድ በአንድ መዝግቧል። በበትር ላይ ያንጠለጠሉት የስንቅ ከረጢት፣ የዱዓ መጽሐፍ ወይም ጥቂት የቁርአን ሱራዎች የሚያዝበት የቆዳ ማኅደር፣ ትንሽ የእንጨት ሉህ፣ ከቅል የተሠራ የቀለም መያዣ፣ መጠጫ ጣባ፣ የውዱእ ማድረጊያ የሸክላ ዕቃና ረጅም ሙስበሃ ነበር። በሐበሻ ምድር ሲያልፉ እራት አይጠፋም ነበር፤ ነገር ግን የሚበሉት ከደጅ ሆነው እንጂ ቤት እየገቡ እንዳልነበረም ጽፏል።

እስቲ ልብ በሉ! ሰባት ዕቃ የያዘ ድሃ መንገደኛ ሦስቱ የንባብና የጽሕፈት ነው። ትርፍ ልብስ ያልያዘ ሰው ሉህ ይዟል። ለምን? ለእርሱ መንገዱ ራሱ መድረሳ ስለነበር ነው። በደረሰበት አገር ዓሊም ካገኘ ይቀራል፣ ያልገባውን ይጠይቃል፣ ከዚያ ይቀጥላል።

የእኛም ኡለማዎች ያደጉት በዚሁ ዓይነት ነው። ፊቅሁን ከአንዱ ሸኽ፣ ነሕዉን ከሌላው፣ ተፍሲሩን ከሦስተኛው ለመቅራት ከአገር አገር በእግር ይዞሩ ነበር። የወሎው ሙፍቲ ዳውድ ቀይ ባሕርን ተሻግረው በየመን ዘቢድ ቀርተው ተመልሰዋል። የታሪክ ጸሐፊው የሸኽ ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲም ነገር አስገራሚ ነው። ሰባተኛ አያታቸው ከጀበርት ምድር ተነስተው፣ በጂዳ አድርገው መካ ገቡ፤ ሐጅ ካደረጉ በኋላ ወደ ካይሮ ተሻግረው በአዝሃር በጀበርት ተማሪዎች ማደሪያ ተቀመጡ። ከዘራቸው የተወለዱት ሸኽ ሐሰን፣ የታሪክ ጸሐፊው አባት፣ ከፊቅህ አልፈው በሒሳብና በሥነ ፈለክ የታወቁ፣ ስለ ሚዛንም የጻፉ ነበሩ። ልጃቸው ደግሞ ፈረንሳዮች በ1798 እ.ኤ.አ. ግብጽን ሲወሩ ያዩትን መዝግበው አቆዩልን። አንድ ሰው ለሐጅ የተነሳበት እርምጃ ከዘመናት በኋላ ይህን ፍሬ አፈራ።

ነገር ግን መራመድ ብቻውን ሰው አያደርግም። ይህን ደፍረን መናገር አለብን። በዚያው በባሶና በጎንደር መንገድ፣ በዚያው ሊማሊሞና በዚያው መተማ፣ ቡናና የዝባድ ሽቶ ብቻ ሳይሆን የሰው ልጅም እየተነዳ ይሸጥ ነበር። ከነጋዴዎቹ መካከል ሙስሊሞችም ነበሩበት። ሁጃጁና ባሪያ ፈንጋዩ አንድ ዳገት ወጥተዋል፣ አንድ ጸሐይ መቷቸዋል፣ ከአንድ ምንጭ ጠጥተዋል። አንደኛው ዓሊም ሆኖ ሲመለስ ሌላው የወንድሙን ዋጋ ቆጥሮ ተመለሰ። ልዩነቱ ከእግራቸው ሳይሆን ከልባቸውና ከያዙት ዕቃ ላይ ነው። ድካም ያስተዋለውን ያለሰልሳል፣ ያላስተዋለውን ያደነድናል።

ውድ አድማጮች! ዛሬ ወደ ሐጅ የሚሄደው በአውሮፕላን በሰዓታት ውስጥ ጂዳ ይደርሳል። አልሐምዱሊላህ፣ ይህ ትልቅ ኒዕማ ነው። ሆኖም መንገዱ በወራት ያስተምር የነበረውን ትዕግሥት፣ የሰው አገር ሰው ማወቅን፣ ከማያውቁት ሰው እጅ መብላትን በረራው አያስተምርም። ያንን በንባብ መተካት የእኛ ፋንታ ነው። የመጀመሪያው ወሕይ የንባብ ትእዛዝ እንደነበር እናውቃለን። ሰበብም የለንም፤ በሸኽ ሰይድ ሙሐመድ ሷዲቅና በሸኽ ሙሐመድ ሣኒ ሐቢብ የተዘጋጀው የቁርአን የአማርኛ ትርጉም በ1961 ዓ.ም. ከታተመ ጀምሮ ዐረብኛ ያልቀራ ሰው እንኳ በቋንቋው ማንበብ ይችላል።

ስለዚህ ለሐጅ የነየተ ሰው የገንዘቡን ቁጠባ ሲጀምር ንባቡንም አብሮ ይጀምር። ሲራውን፣ የመካን ታሪክ፣ የገዛ አገሩንም ታሪክ ያንብብ። እናቶችና አባቶች ከመግሪብ በኋላ ልጆቻቸውን ሰብስበው አንድ ገጽ ያስነብቡ፤ የሃይማኖቱ ብቻ ሳይሆን የጤናውም፣ የእርሻውም፣ የሒሳቡም ይሁን። ከሐጅ የሚመለስ ሰው ዘምዘምና ተምር ለቤተሰቡ ያመጣል። ከዚያ ጋር አንድ ኪታብ ይጨምር፤ ዘምዘሙና ተምሩ ሲያልቁ ኪታቡ ለልጅ ልጅ ይተርፋል።

አላህ ከሚያነቡትና ባነበቡት ከሚሠሩት ያድርገን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።