ዝንቧን ያስደነገጠው ሙቀት

በ1960ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ፌሩቾ ሪቶሳ የሚባል ወጣት ኢጣሊያዊ ተመራማሪ የፍራፍሬ ዝንብ ዕጮችን የምራቅ እጢ በማይክሮስኮፕ ያጠና ነበር። እጢው ያለ ምክንያት አልተመረጠም። በውስጡ ያሉት ህዋሳት ሳይከፋፈሉ ክሮሞዞማቸውን ደጋግመው ስለሚያባዙ፣ ክሮሞዞሞቹ እጅግ ይወፍራሉ፤ ጥቁርና ነጣ ያለ መስመራቸው በተራ ማይክሮስኮፕ ሳይቀር ተለይቶ ይታያል። አንድ ጂን በኃይል መሥራት ሲጀምር ደግሞ ያለበት ቦታ ያብጣል። በዚያ ዘመን ጂን ሥራ ላይ ሆኖ በዓይን የሚታይበት ሌላ መንገድ እምብዛም አልነበረም።

ከዕለታት አንድ ቀን ሪቶሳ ከዚያ በፊት አይቷቸው የማያውቃቸው እብጠቶች ገጠሙት። የሚያውቃቸው ቦታዎች ሟሽሸዋል፤ ጸጥ ብለው የኖሩ ሌሎች ቦታዎች አብጠዋል። ነገሩን ሲያጣራ፣ አንድ የሥራ ባልደረባው ዕጮቹ የሚቀመጡበትን ኢንኩቤተር ሙቀት ከፍ አድርጎት ኖሯል። ሪቶሳም ሙቀቱን ሆን ብሎ እየጨመረ ሙከራውን ደገመው። እብጠቶቹ በደቂቃዎች ውስጥ ብቅ አሉ። ቀጥሎ ሙቀቱን ትቶ፣ የህዋስን የኃይል ምርት የሚያውከውን ዳይናይትሮፌኖል የተባለ ኬሚካል ሞከረ። እብጠቶቹ በዚያው በለመዱት ቦታ ወጡ። ለእኔ የግኝቱ ልብ ይህ ሁለተኛው ሙከራ ነው፤ ህዋሱ ሙቀትን ብቻ ሳይሆን አደጋን ለይቶ እንደሚመልስ የጠቆመው እሱ ነውና።

ጽሑፉን የላከለት አንድ የታወቀ መጽሔት ግን ለሥነ ሕይወት ይህን ያህል ፋይዳ የለውም ብሎ መለሰበት። በመጨረሻ በ1962 ኤክስፔሪየንሺያ በተባለው መጽሔት ወጣ። ከዚያም በኋላ ቢሆን ለዓመታት ብዙ ሰው የዝንብ ጉዳይ ብቻ አድርጎ ነው ያየው። እንዲህ ያለ ግኝት ያን ያህል ጊዜ ዳር መቆሙ ዛሬም ያስቆጫል።

እብጠቶቹ ምን እንደሚያመርቱ የታወቀው 12 ዓመት ቆይቶ ነው። ከጄኔቭ ወደ ካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም የሄደው አልፍሬድ ቲሲዬር ከኸርሼል ሚቸልና ከኡርሱላ ትሬሲ ጋር ሆኖ ጨረር አመንጪ ድኝ ያለበትን የፕሮቲን ጥሬ ዕቃ ለዝንቦቹ ህዋሳት ሰጠ። አዲስ የሚሠራ ፕሮቲን ሁሉ ጨረሩን ይዞ ስለሚወጣ በፊልም ላይ ጥቁር መስመር ይተዋል። በተለመደው 25 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ፊልሙ በብዙ መስመሮች ይሞላል። ወደ 37 ዲግሪ ሲጠጋ ግን የቀድሞዎቹ መስመሮች ይደበዝዙና ጥቂት ደማቅ መስመሮች ብቻ ጎልተው ይወጣሉ። ህዋሱ የዘወትር ሥራውን አቁሞ፣ ያለ የሌለ አቅሙን በጥቂት ፕሮቲኖች ላይ አውሎታል። እነዚህ ናቸው የሙቀት ድንጋጤ ፕሮቲኖች የተባሉት።

ከዚያ ወዲያ ፍለጋው ተስፋፋ። ባክቴሪያ፣ እርሾ፣ ዕፅዋት፣ ሰው፣ ሁሉም ጋ ተገኙ። ኤችኤስፒ 70 የሚባለው የሰው ፕሮቲን በአንጀት ባክቴሪያ ውስጥ ካለው አቻው ጋር ግማሽ ያህሉ አንድ ነው። በዚህ ሁሉ የዘር ርቀት መካከል ይህን ያህል ሳይለወጥ የቆየ ነገር ከሕይወት መሠረት የሚቆጠር ነው።

ታዲያ ሥራቸው ምንድን ነው? ፕሮቲን ረጅም ሰንሰለት ነው፤ ሥራውን የሚሠራው በትክክል ሲታጠፍ ብቻ ነው። ሙቀት እጥፋቱን ይፈታዋል፤ የተፈቱትም እርስ በርስ ይጣበቃሉ። እንቁላል ሲቀቀል ነጩ ክፍል የሚረጋው በዚሁ ምክንያት ነው። የሙቀት ድንጋጤ ፕሮቲኖች የተፈታውን ይዘው እንዳይጣበቅ ይጠብቁታል፤ መልሶ እንዲታጠፍም ያግዙታል። አጃቢ ፕሮቲኖች የሚባሉትም ለዚህ ነው። ጀርመናዊው ኡልሪክ ሃርትልና አሜሪካዊው አርተር ሆርዊች፣ አንዳንዶቹ አዲስ የተሠራ ፕሮቲን እንዲታጠፍ በደህናው ቀን ጭምር የግድ እንደሚያስፈልጉ በ1989 አሳዩ፤ በ2011 የላስከር ሽልማት ተሰጣቸው።

ህዋሱ ሙቀቱን የሚያውቅበት መንገድ ረቂቅ ነው። እነዚህን ጂኖች የሚያስነሳው ኤችኤስኤፍ 1 የተባለ ፕሮቲን በሰላሙ ጊዜ በራሳቸው በአጃቢዎቹ ተይዞ ይቀመጣል። የተፈቱ ፕሮቲኖች ሲበዙ አጃቢዎቹ ወደዚያ ይሄዳሉ፤ ተይዞ የነበረው ይለቀቅና ጂኖቹን ያስነሳል። ጉዳቱ ሲቃለል ሥራ የፈቱት አጃቢዎች ተመልሰው ይይዙታል።

ቀድሞ የደረሰ መጠነኛ ሙቀት ለኋላው ስንቅ ይሆናል። በ25 ዲግሪ ያደገ እርሾ ድንገት 50 ዲግሪ ውስጥ ቢገባ አብዛኛው ይሞታል፤ አስቀድሞ ለጥቂት ጊዜ በ37 ዲግሪ ከቆየ ግን ብዙው ይተርፋል። ሱዛን ሊንድኲስትና ባልደረባዋ በ1990 እንዳሳዩት፣ ኤችኤስፒ 104 የተባለው ፕሮቲን የሌለው እርሾ ይህን ጥቅም በአብዛኛው ያጣል። ፕሮቲኑ ሌሎቹ የማይችሉትን፣ ተጣብቆ የረጋውን መዝዞ የመለየት ሥራ ይሠራል። የሰሃራ ብርማ ጉንዳን ደግሞ እስኪሞቀው አይጠብቅም። በቀትር ወደሚያቃጥለው አሸዋ ከመውጣቱ አስቀድሞ ፕሮቲኖቹን አምርቶ ይይዛል።

ይኸው መከላከያ ግን ለጠላትም ይሠራል። የካንሰር ህዋሳት የተዛቡ ፕሮቲኖች ስለሚበዙባቸው በአጃቢዎቹ ላይ ይደገፋሉ። በ2007 የሊንድኲስት ቡድን ኤችኤስኤፍ 1 የሌላቸው አይጦች በቀላሉ ዕጢ እንደማያወጡ አሳየ። ኤችኤስፒ 90 የተባለውን አጃቢ የሚገታ መድኃኒት በ2022 ጃፓን ውስጥ ለአንድ ዓይነት የጨጓራና አንጀት ዕጢ ሕክምና ተፈቅዷል።