ፊደል የማይጽፈው ትምህርት፦ ከቅኔ ቤት እስከ ትምህርት ቤት መድረክ

የኢትዮጵያ ቴአትር ታሪክ ዘወትር የሚጀመረው ከተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ነው። በሩሲያና በፈረንሳይ ተምረው የተመለሱት እኒህ ሰው በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን «የአውሬዎች ኮመዲያ»ን ጽፈው በአዲስ አበባ ለመኳንንቱ አሳዩ፤ ትችቱ ቤተ መንግሥቱን ስላላስደሰተ ተውኔቱ ታገደ። ይህ የጽሑፈ ተውኔት አጀማመር ነው። ወጣቶች ቋንቋን በክዋኔ የሚማሩበት ልማድ ግን ከዚያ እጅግ ይቀድማል።

በቅኔ ቤት ተማሪው ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ይጀምራል። ብቻውን ሲቆጥር የዋለውን ቅኔ በመምህሩ ፊት በቃሉ ያቀርባል፤ እዚያው ይታረማል። የቅኔው ቋንቋ ግእዝ ቢሆንም ሰምና ወርቅን የመለየት ልማድ ወደ አማርኛም ተሻግሯል። በአማርኛ አንዱ የኅብረ ቃል ምንጭ መጥበቅና መላላት ነው፤ ፊደላችን ግን ይህን አያሳይም። «አለ» ተብሎ የተጻፈው ቃል «ተናገረ» ማለት ይሁን ወይም «ይገኛል»፣ ከዐውዱ ቀጥሎ የሚለየው በተናጋሪው አንደበት ነው።

በቅኔ የሠለጠኑት የጎጃሙ ዮፍታሔ ንጉሤ በአዲስ አበባ መምህር ሳሉ የጻፏቸውን ድራማዎች ተማሪዎች ይጫወቱ ነበር። ጌታና ሎሌ ሆነው የሚነጋገሩ ሁለት ልጆች «አንተ» እና «እርስዎ»ን ከነግሳቸው ማዛመድ፣ የትኛው ቃል ጠብቆ የትኛው ላልቶ እንደሚነገር መወሰን ግድ ይላቸዋል። ይህ ከጨዋታ ያለፈ የሰዋስው ትምህርት ነው፤ ከዚያም በላይ ማን ለማን እንዴት እንደሚናገር ያስተምራል።

ከእነዚያ መድረኮች ለእኛ የደረሰው ቢበዛ ጽሑፉ ነው። የልጆቹ ድምፅ አልተቀረጸም። ስለዚህ የዘመኑን አማርኛ ከተውኔት የምናጠና ሰዎች የምናገኘው ግማሹን ብቻ ነው።

ጉዳዩ ያለፈ ታሪክ ብቻ ሆኖ አይቀርም። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ በር ከፍቷል። እንደ ቤንችኛ ባሉ ቋንቋዎች የድምፅ ከፍታና ዝቅታ የቃልን ፍች ይለውጣል። ይህን ለልጅ የሚያስተላልፈው ገጹ ሳይሆን የሚናገር ሰው ነው። እንግዲህ ለመስክ ሥራ ስንወጣ መዝገበ ቃላት ከመሰብሰብ ጎን ለጎን የትምህርት ቤቱን ተውኔትና የልጆቹን ጨዋታ ብንቀርጽ፣ በዮፍታሔ ተማሪዎች ዘመን ያመለጠን ነገር ዳግም አያመልጠንም።