የሐረር ጌይ ጋር፤ በጠባብ ስፍራ ስለ ተሠራ የከተማ ቤት

የሐረር ቤቶች ታሪክ ከከተማዪቱ ቅጥር ታሪክ ተለይቶ ሊነገር አይችልም። በ16ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ አሚር ኑር ኢብን ሙጃሒድ ከተማዪቱን በድንጋይ ግንብ ባስከበቡ ጊዜ፥ የሕዝቡ መኖሪያ 48 ሄክታር በሚያህል ስፍራ ውስጥ ተወሰነ። ጁገል የተባለው ይህ ቅጥር ጠላትን ከውጭ እንደ ከለከለ ሁሉ፥ በውስጥ ላለውም ሕዝብ ወሰን ኾነበት። ከዚሁ መሬት ላይ መስጊዱ፥ የቅዱሳኑ መቃብርና ገበያው ድርሻ ድርሻቸውን ስለ ወሰዱ፥ መኖሪያ ቤት የቆመው በተረፈው ላይ ነው።

እንግሊዛዊው መንገደኛ ሪቻርድ በርተን በ1847 ዓ.ም. ወደ ሐረር ገብቶ ስለ ቤቶቹ ሲጽፍ፥ በጭቃ የተያያዘውን ሻካራ ድንጋይ፥ ጠፍጣፋውን ጣራና ከመሬት ርቀው የተከፈቱትን መስኮቶች አመልክቷል። በመንገድ ለሚያልፍ ሰው ከዚህ የበለጠ የሚታይ ነገር ጥቂት ነው። የግቢው በር ወደ መንገዱ፥ የቤቱ በር ግን ወደ ግቢው ይከፈታልና፥ የቤቱ ጥበብ ያለው በውስጡ ነው።

ሐረሪዎች ቤታቸውን ጌይ ጋር፥ ማለት «የከተማ ቤት» ይሉታል። ዋናው ክፍል ጊዲር ጋር ሲባል፥ ወለሉ በግድግዳ ሳይኾን በከፍታ የተከፈለ ነው። በቀይ አፈር የተለሰኑት መደቦች ነደባ ይባላሉ፤ እነርሱም አምስት ናቸው። አሚር ነደባ የባለቤቱ ወንበር ነው፤ ጊዲር ነደባ ትልቁ፥ ጢት ነደባ ትንሹ፥ ሱትሪ ነደባ ስውሩ፥ ገብቲ ኤሐር ነደባ ደግሞ ከበሩ ኋላ ያለው ነው። ስለዚህ አንዱ ክፍል ቀን እልፍኝ፥ ሌሊት መኝታ ይኾናል፤ ወንበርና አልጋ ሊይዙት የሚችሉትን ቦታ የቤቱ አካል ራሱ ይዞታል።

ግድግዳውም እንዲሁ ሥራ አለው። ውፍረቱ ሙቀትንና ብርድን ከመከላከሉ በላይ፥ በውስጡ የተፈለፈሉት መደርደሪያዎች መጻሕፍትንና ዕቃን ይይዛሉ፤ ስፌቱና ሳሕኑ በፊቱ ላይ ይሰቀላል። በጎን ያለችው ትንሽ ክፍል ኪርታት አዲስ ሙሽሮች የሚገለሉባት ናት፤ ዴራ ዕቃ ቤት ነው፤ ከበላዩም ቃላ የሚባለው ሰገነት አለ። ማድ ቤቱ በግቢው ውስጥ ስለ ኾነ ጭሱ ከእልፍኝ ይርቃል። ግቢው ብዙ ጊዜ የዘመዳሞች የጋራ ሀብት በመኾኑ፥ በቤት ውስጥ የጎደለው ስፋት በውጭ ይገኛል።

ነገር ግን ይህ ምቾት በነጻ የተገኘ አይደለም። ነደባ ሰውን በማዕርጉ የሚያስቀምጥ ሥርዐት ነው፤ የገባ እንግዳ የት መቀመጥ እንደሚገባው ሳይነገረው ያውቃል። በአንድ ጣራ ሥር ብዙ ሰው ሳይጋፋ የኖረው፥ እያንዳንዱ ስፍራውን ዐውቆ ስለ ተቀመጠ ነው። እንግዲህ ጥበቡ የግንበኛው ብቻ ሳይኾን የነዋሪውም ነበረ።

ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ፥ በ1879 ዓ.ም. ሐረር በዳግማዊ ምኒልክ ግዛት ሥር ስትገባ የሕንድ ነጋዴዎች መጥተው በእንጨት ሰገነት ያጌጡ ፎቅ ቤቶችን ሠሩ። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት እንዲኾን ታወጀ። በ1998 ዓ.ም. ደግሞ ጁገል በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ተጻፈ።

መዝገብ ግን ድንጋዩን እንጂ አኗኗሩን ሊጠብቅ አይችልም። ጊዲር ጋር በግድግዳ ተከፍሎ ለኹለት ቢሰጥ፥ ወይም ነደባው ፈርሶ በስፍራው ሶፋና አልጋ ቢገባ፥ የቤቱ ስፋት በክንድ ሲለካ አይቀንስም፤ የሚቀመጥበት ሰው ቍጥር ግን ይቀንሳል። ያን ጊዜ ለዘመናት ያልጠበበው ቤት ጠባብ ይባላል፤ የጠበበው ግን ቤቱ ሳይኾን፥ በቤቱ የመኖር ዕውቀት ነው።