ጅምር ሥራ የበኵር ሥራ ሊባል ይችላልን?

የአንድን ባለሙያ ታሪክ ለመጻፍ የተነሣ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚገጥመው ጥያቄ፣ ሰውየው ሥራውን የጀመረው ከየትኛው ነው የሚል ነው። ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ባለሙያው በወጣትነቱ ጀምሮ ሳይፈጽመው የቀረ ሥራ የተገኘ እንደ ሆነ መልሱ ይከብዳል። ጅምሩን የበኵር ሥራው ነው ብለን እንቍጠረውን? ወይስ ጅምር ነውና ከቍጥር ውጭ እናድርገው? በዚህ አጭር ጽሑፍ ይህንኑ ጥያቄ በአሜሪካዊው የፊልም አዘጋጅ በኦርሰን ዌልስ ሥራ ላይ እንመረምራለን። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ኦርሰን ዌልስ በ1915 ዓ.ም. በዊስኮንሲን ግዛት በኬኖሻ ከተማ ተወለደ። የፊልም ታሪክ ጸሐፊዎች በአብዛኛው የመጀመሪያ ፊልሙ አድርገው የሚጠቅሱት በ1941 ዓ.ም. የታየውን «ሲቲዝን ኬን» ነው። ይህ ፊልም ለሕዝብ ሲቀርብ ዌልስ ገና 26 ዓመት አልሞላውም ነበር። ፊልሙን ያዘጋጀው፣ ዋናውን ሰው ሆኖ የተጫወተው፣ ጽሑፉንም ከኸርማን ማንኪዊትዝ ጋር የጻፈው እሱ ነው። ከዚህ የተነሣ ስለ ዌልስ አንድ አፈ ታሪክ የሚመስል ነገር ሲነገር ኖሯል፤ ይኸውም ከቴአትርና ከራዲዮ በቀር ሌላ የማያውቅ ወጣት ወደ ሆሊዉድ ገብቶ፣ ካሜራ በነካበት በመጀመሪያው ቀን ታላቅ ሥራ ሠራ የሚል ነው። ይህ አነጋገር ለመስማት ደስ ያሰኛል። እውነት መሆኑን መመርመር ግን የታሪክ ተማሪ ግዴታ ነው።

ዌልስና ጆን ሐውስማን በ1937 ዓ.ም. በኒው ዮርክ «መርኩሪ ቴአትር» የተባለውን የቴአትር ጓድ አቋቋሙ። በሚከተለው ዓመት በበጋ ወራት ጓዱ «ቱ መች ጆንሰን» የተባለውን፣ ዊልያም ጂሌት በ1894 ዓ.ም. ያቀረበውን አስቂኝ ተውኔት ለማሳየት ተነሣ። በዚህ ጊዜ ዌልስ አንድ አዲስ ሐሳብ አመጣ። ከእያንዳንዱ ክፍል በፊት ድምፅ የሌለው ፊልም ለተመልካቹ እንዲታይ፣ ከዚያም ተዋንያኑ ራሳቸው በመድረክ ላይ ወጥተው ታሪኩን እንዲቀጥሉ አሰበ። በዕቅዱ መሠረት ለመግቢያው 20 ደቂቃ፣ ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ክፍል ደግሞ ዐሥር ዐሥር ደቂቃ ፊልም ያስፈልግ ነበር።

ፊልሙ በኒው ዮርክ ጎዳናዎችና ጣሪያዎች ላይ ተነሣ። ዋናው ተጫዋች ጆሴፍ ኮተን ነበር። ታሪኩ እንዲህ ነው፤ አንድ ሰው ከሌላ ሰው ሚስት ጋር ሲወዳጅ ባልየው ይደርስበታል። ባልየው የያዘው ማስረጃ የተቀደደ ፎቶግራፍ ብቻ ሲሆን፣ በእሱም ላይ የሚታየው የወዳጁ ግንባርና ፀጉር ነው። ስለዚህ በመንገድ ያገኘውን ወንድ ሁሉ ባርኔጣውን እየገፈፈ አናቱን ይመረምራል። ሸሺው ከጣሪያ ወደ ጣሪያ እየዘለለ ወደ መርከብ ያመልጣል፤ ወደ ኩባም ይሄዳል።

ተውኔቱ በኦገስት ወር 1938 ዓ.ም. በኮነቲከት ግዛት ስቶኒ ክሪክ በተባለ ስፍራ በሚገኝ ትንሽ ቴአትር ቤት ታየ፤ ፊልሙ ግን አልታየም። ስለዚህ የሚሰጡት ምክንያቶች ከአንድ በላይ ናቸው። ቤቱ ፊልም ለማሳየት የሚመች አልነበረም፤ የተነሣውን ፊልም እየቈረጡ የማገጣጠሙ ሥራም አላለቀም ነበር፤ በተውኔቱ ላይ ፊልም የመሥራት መብት የፓራማውንት ኩባንያ ነበረ የሚልም አለ። ተመልካቹ መግቢያውን ስላላየ የተውኔቱን ነገር ለመከታተል ተቸገረ፤ ትርኢቱም ወደ ኒው ዮርክ ሳይሻገር ቀረ። ፊልሙም በዚያው ተረሳ። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ1970 ዓ.ም. በማድሪድ በሚገኘው በዌልስ ቤት በተነሣ ቃጠሎ የመጨረሻው ቅጂ ጠፋ ተብሎ ታመነ።

ነገሩ ግን እንደ ታመነው አልነበረም። በጣልያን አገር በፖርዴኖኔ ከተማ በአንድ መጋዘን ውስጥ ተጥሎ የነበረ ቅጂ ተገኘ፤ በአሜሪካ በጆርጅ ኢስትማን ሐውስ ባለሙያዎች ታድሶም በ1913 ሳይሆን ከዚያ መቶ ዓመት በኋላ፣ በኦክቶበር ወር 2013 ዓ.ም. እዚያው ፖርዴኖኔ ውስጥ ለሕዝብ ታየ። የተገኘው 66 ደቂቃ ያህል የሚፈጅ የሥራ ቅጂ ነው። አንዱ ክፍል በጥንቃቄ ተገጣጥሟል፤ ሌላው ግን አንድ ድርጊት ደጋግሞ እንደ ተነሣ፣ የቱ እንደሚቀር የቱ እንደሚጣል ሳይወሰን ተቀምጧል።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። አንድን ፊልም የበኵር ፊልም የሚያሰኘው ምንድን ነው?

አንዳንዱ «መጀመሪያ የተነሣው ነው» ይል ይሆናል። በዚህ ከሄድን «ቱ መች ጆንሰን» ራሱ ይወድቃል፤ ምክንያቱም ዌልስ በ1934 ዓ.ም. በ19 ዓመቱ ከዊልያም ቫንስ ጋር ሆኖ «ዘ ኸርትስ ኦቭ ኤጅ» የተባለ 8 ደቂቃ ያህል የሚፈጅ ፊልም ሠርቷል። ሌላው ደግሞ «መጀመሪያ የተፈጸመው ነው» ይል ይሆናል። ይህም ቢሆን ያችኑ አጭር ፊልም ያስቀድማል፤ እሷ ተፈጽማለችና። ሆኖም ይህች ፊልም የወዳጆች ጨዋታ ነበረች፤ ዌልስ ራሱም በኋላ እንደ ቀልድ እንጂ እንደ ሥራ አልቈጠራትም። ስለዚህ መፈጸም ብቻውን አይበቃም፤ ባለሙያው ሥራውን «ይህ የእኔ ነው፤ ፍረዱኝ» ብሎ ለሕዝብ ማቅረብ አለበት። እነዚህን ሁለት ነገሮች፣ ማለት መፈጸምንና ለፍርድ መቅረብን፣ አንድ ላይ የያዘው የመጀመሪያው ሥራ «ሲቲዝን ኬን» ነው። «ቱ መች ጆንሰን» ሁለቱንም አላሟላም። ከዚህም በላይ ተፈጽሞ ቢሆን እንኳ የተውኔቱ አካል እንጂ ለብቻው የሚቆም ፊልም እንዲሆን አልታሰበም።

በ2013 ዓ.ም. ለሕዝብ ታይቷልና አሁን ተፈጸመ የሚል ቢኖር፣ ያቀረበው ማነው ብለን እንጠይቀዋለን። ዌልስ በ1985 ዓ.ም. ሞቷል። በ2014 ዓ.ም. የአሜሪካ ብሔራዊ የፊልም ጥበቃ ድርጅት የሥራ ቅጂውን እንዳለ ለሕዝብ ሲያቀርብ፣ ከጐኑ 34 ደቂቃ ያህል የሚፈጅ ሌላ ቅጂ አሳጥሮና አገጣጥሞ አሳየ። ይህ ለመመልከት የሚመች ነው፤ ግን በውስጡ ያለው ምርጫ የሌሎች ሰዎች ነው። የሟችን ጅምር ሌላ ሰው ሲፈጽመው፣ ፍጻሜው የፈጻሚው ነው።

ነገሩን ለማነጻጸር የእንግሊዛዊውን የአልፍሬድ ሂችኮክን ሁኔታ ማየት ይጠቅማል። ሂችኮክ በ1922 ዓ.ም. «ቍጥር 13» የተባለ ፊልም ጀምሮ ገንዘብ ስላለቀ ተወው፤ የተነሣውም ጠፍቷል። ይህ ጅምር ከዌልስ ይልቅ ለበኵርነት የቀረበ ይመስላል፤ ለብቻው እንዲቆም የታሰበ ፊልም ነበርና። ቢሆንም የመጀመሪያ ፊልሙ ተብሎ የሚቈጠረው በ1925 ዓ.ም. ያነሣው «ዘ ፕለዠር ጋርደን» ነው። ሂችኮክ ራሱ ግን እውነተኛው የሂችኮክ ፊልም የሚጀምረው በ1927 ዓ.ም. ለሕዝብ ከቀረበው «ዘ ሎጀር» ነው ይል ነበር። ከዚህ እንደምንረዳው የባለሙያው ቃል ብቻውን ሊመራን አይችልም፤ ባለሙያ የሚወደውን ሥራ ያስቀድማልና።

በዚህ ሐሳብ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል። ዌልስ ከዚያ በኋላም ብዙ ጅምር የተወ ሰው ነው። «ዶን ኪሾት» ሳይፈጸም ቀርቷል፤ በ1970 ዓ.ም. መነሣት የጀመረው «ዚ አዘር ሳይድ ኦቭ ዘ ዊንድ» ደግሞ እሱ ከሞተ በኋላ በሌሎች ተፈጽሞ በ2018 ዓ.ም. ታየ። ያልተፈጸመውን ሁሉ ከታሪክ ብናወጣ የዚህን ሰው ዕድሜ እኩሌታ መጣላችን አይደለምን? ተቃውሞው ትክክል ነው። ስለዚህ ሁለት መዝገብ መያዝ ይገባናል፤ አንዱ የፊልሞቹ ዝርዝር፣ ሁለተኛው የሥራው ታሪክ። በፊልሞቹ ዝርዝር «ቱ መች ጆንሰን» ስፍራ የለውም። በሥራው ታሪክ ግን ስፍራው ከፊት ነው። ካሜራውን ከታች ወደ ላይ አቅንቶ ሰውን ከሰማይ ጋር ማሳየትን፣ ከጣሪያ ወደ ጥልቅ ጎዳና መመልከትን፣ ሰዎችን በቅርብና በሩቅ ባንድ ሥዕል ውስጥ ማቆምን በ1938 ዓ.ም. ሲሞክር እናየዋለን። ጆሴፍ ኮተንም ከዚህ ሙከራ አልፎ ነው በ«ሲቲዝን ኬን» የተጫወተው። እንግዲህ ያ ደስ የሚያሰኘው አፈ ታሪክ ሐሰት ነው ማለት ነው። ዌልስ ሆሊዉድ የገባው ተሳስቶ፣ ተቸግሮ፣ ሥራው ሳይታይለት ቀርቶ ከዚያ የተማረ ሰው ሆኖ ነው።

በቋንቋችን «በኵር» የሚባለው ማሕፀን ከፍቶ የወጣው የመጀመሪያው ልጅ ነው። ፅንስ የጨነገፈባት እናት ልጆችሽ ስንት ናቸው ስትባል ያንን አትቈጥርም፤ ቢሆንም መፅነሷን አትረሳም። የጎረቤቱ ቍጥርና የእናቲቱ ትዝታ ሁለቱም እውነት ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አይሽረውም።

ይህ ጸሐፊ በተማረበት የሚስዮን ትምህርት ቤት አንድ የድርሰት መምህር ነበሩ። ያልተፈጸመ ድርሰት ሲቀርብላቸው ማርክ አይሰጡም፤ ወረቀቱን ግን አይቀዱትም ነበር። በመሳቢያቸው አኑረው በዓመቱ መጨረሻ «ከየት እንደ ተነሣህ እይ» እያሉ ይመልሱልን ነበር። የታሪክ ጸሐፊም እንዲሁ ቢያደርግ መልካም ነው። ለጅምር የፍጻሜን ስም አይስጥ፤ ጅምሩንም ከመሳቢያው አውጥቶ አይጣል። በፖርዴኖኔ መጋዘን ውስጥ ያ ቅጂ ባይቀመጥ ኖሮ፣ ዛሬም አፈ ታሪኩን እንደ ታሪክ እየደገምን በኖርን ነበር።