የድልድይ ግንባታ ፈቃድ በኢትዮጵያ

የድልድይ ግንባታ ፈቃድ ማለት የሕዝብ መንገድ ወንዝን ወይም ሐይቅን በድልድይ እንዲያቋርጥ ሥልጣን ያለው የመንግሥት አካል የሚሰጠው ይሁንታ ነው። መርከብ በብዛት በሚመላለስባቸው አገሮች ፈቃዱ ራሱን የቻለ ሰነድ ነው። በኢትዮጵያ ግን ጉዳዩ በመንገድ፣ በውኃ፣ በአካባቢ ጥበቃና በመሬት ሕጎች ውስጥ ተበታትኖ ይገኛል።

መርከብ በሚሄድባቸው ውኃዎች

የፈቃዱ ሐሳብ የመነጨው ከመርከብ ጉዞ ነው። ዝቅ ብሎ የተሠራ ድልድይ ወንዙን ለመርከብ ይዘጋዋል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1899 የወጣው የወንዞችና የወደቦች ሕግ መርከብ በሚሄድበት ውኃ ላይ ያለ ፈቃድ ድልድይ መሥራትን ከለከለ። እ.ኤ.አ. በ1946 ደግሞ አጠቃላይ የድልድይ ሕግ ወጣ። ዛሬ ፈቃዱን የሚሰጠው የባሕር ዳርቻ ጥበቃ ሲሆን፣ ዋናው መመዘኛ መርከቦች በድልድዩ ሥር የሚያልፉበት ከፍታና ስፋት ነው።

በኢትዮጵያ ለዚህ የሚቀርበው ወንዝ ባሮ ነው። በክረምት ውኃው ሲሞላ የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም ተነሥተው ጋምቤላ ድረስ ይመጡ ነበር። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክና እንግሊዝ የተፈራረሙት ውል በኢታንግ አካባቢ በባሮ ዳር ለንግድ ጣቢያ የሚሆን መሬት በኪራይ ፈቅዷል። ይኸው ውል በአባይ፣ በጣና ሐይቅና በሶባት ላይ የውኃውን ፍሰት የሚያግድ ሥራ እንዳይሠራ የሚል አንቀጽም ነበረው። አንቀጹ ያነጣጠረው በግድብ ላይ ነው፤ ውኃን የሚያሳልፍ ድልድይ ፍሰት አገደ ሊባል አይችልም።

ሥልጣኑ የማን ነው?

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 51 የውኃ ላይ ትራንስፖርትን እና ሁለትና ከዚያ በላይ ክልሎችን የሚያገናኙ ዋና መንገዶችን የማስተዳደር ሥልጣን ለፌዴራል መንግሥት ይሰጣል። ክልሎችን የሚያስተሳስሩ ወይም ከአገር ድንበር የሚሻገሩ ወንዞችና ሐይቆችም በዚሁ አንቀጽ በፌዴራሉ ሥር ናቸው። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ሆኖ የተቋቋመው፣ ዛሬ የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር የሚባለው መሥሪያ ቤት የዋና መንገዶችን ድልድዮች ያስጠናል፣ ያሠራል፣ ይጠግናል። የገጠር መንገዶች ድልድይ በክልልና በወረዳ እጅ ነው።

በተግባር ፈቃዱን የሚተካው የጥናቱ ሂደት ነው። የድልድዩ ዲዛይን ወንዙ በብዙ ዓመት አንዴ የሚያመጣውን ትልቅ ጎርፍ ማሳለፍ አለበት፤ ለትልልቅ ድልድዮች ብዙውን ጊዜ የ50 ወይም የ100 ዓመት ጎርፍ ይወሰዳል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 በመመሪያ የተለዩ ሥራዎች ከመጀመራቸው በፊት እንዲገመገሙ ያዛል። መሬት የሚነካ ከሆነ የማስለቀቂያና የካሳ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ይከተላል። የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ደግሞ የውኃ ሥራ ግንባታን በፈቃድ ያደርጋል፤ በእጅ የሚቆፈር ጉድጓድና ባህላዊ መስኖ ግን ፈቃድ አያስፈልጋቸውም።

ከቅርብ ጊዜዎቹ ትልቁ ምሳሌ በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የባሕር ዳር አዲሱ የአባይ ድልድይ ነው። ርዝመቱ 380 ሜትር፣ ስፋቱ 43 ሜትር ነው። ጣና ላይ ጀልባ ቢኖርም ከሐይቁ ወደ ታች የሚወርድ የመርከብ መስመር የለም፤ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ መንገዱን ይዘጋዋል። ስለዚህ ድልድዩ የተመዘነው በተሽከርካሪና በእግረኛ ብዛት እንጂ ከሥሩ በሚያልፍ መርከብ አይደለም።

በቆቦና በራያ ቆላ

ቆቦ ላይ ጥያቄው ሌላ መልክ አለው። ከወልድያ ወደ ቆቦና አላማጣ የሚወስደው ዋና መንገድ፣ ጣልያን በወረራው ዘመን የሠራው መሥመር፣ ከምዕራቡ ደጋ የሚወርዱትን እንደ አላውሃና ጎሊና ያሉ ወንዞች ያቋርጣል። ከእነዚህ በአንዱም ጀልባ አይሄድም። በበጋ አብዛኛው አልጋቸው አሸዋና ጠጠር ነው፤ በክረምት ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ በሰዓታት ውስጥ ድንጋይና ግንድ እየገፋ ይደርሳል። ጎሊና የዞብልን ተራራ ሰብሮ ወደ አፋር ስለሚወርድ በሕገ መንግሥቱ አነጋገር ክልሎችን የሚያስተሳስር ወንዝ ነው።

እዚህ የድልድይ ትልቁ ጠላት ደለል ነው። ጎርፉ ሜዳ ላይ ሲደርስ ጉልበቱ ይቀንስና የተሸከመውን ይጥላል፤ የወንዙ አልጋ ከዓመት ዓመት ከፍ ይላል፤ በድልድዩ ሥር ያለው ክፍተትም ይጠባል። ግንድ በምሰሶዎቹ መካከል ሲወተፍ ውኃው ድልድዩን ትቶ በጎን በኩል አዲስ መንገድ ይቀድዳል፤ አንዳንዴም በማሳ ላይ። በአነስተኛ መንገዶች ላይ ስለዚህ ከወንዙ አልጋ እኩል የሚነጠፍ፣ አይሪሽ ክሮሲንግ የሚባለው የኮንክሪት መሻገሪያ ይመረጣል። ዋጋው ይቀላል፤ ጎርፍ ሲመጣ ግን መንገደኛው ውኃው እስኪጎድል ዳር ቆሞ ይጠብቃል።

ያው ጎርፍ ለራያ ገበሬ ሲሳይ ነው። ገበሬው በጠለፋ፣ ማለትም የክረምቱን ጎርፍ በአፈርና በቅርንጫፍ ከትሮ ወደ ማሳው በማዞር፣ ማሽላና ጤፍ ያመርታል። ድልድይና ወደ ድልድዩ የሚያደርሰው ከፍ ያለ የአፈር ሙሌት ተበታትኖ ይወርድ የነበረውን ውኃ በአንድ አፍ ይሰበስቡታል፤ ከታች ያለው አንዱ ጠለፋ ይደርቃል፣ ሌላው በደለል ይሞላል። ባህላዊ መስኖ ከፈቃድ ነፃ መሆኑ ገበሬውን ከወረቀት ጣጣ አድኖታል፤ ነገር ግን ፈቃድ ያልወጣለት ጠለፋ በመዝገብ አይገኝም፤ ጥናቱን የሚሠራው መሐንዲስ ቦታው ድረስ ሄዶ ካልጠየቀ አያውቀውም። ካሳውም በዋናነት የሚከፈለው ለሚለቀቅ መሬትና በላዩ ላይ ላለ ንብረት ስለሆነ፣ ማሳው ሳይነካ ጎርፉ ብቻ የቀረበት ሰው ተነሺ ተብሎ ለመቆጠር ይቸገራል። ይህን ክፍተት ሊሞላ የሚችለው በአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ወቅት የሚደረገው የሕዝብ ምክክር ነው፤ የሚጠቅመው ግን ዲዛይኑ ከመጽደቁ በፊት ከተካሄደ ነው።