ልዋጭ በአሜሪካ

«ልዋጭ! ልዋጭ!» የሚለውን ጥሪ ሳይሰማ ያደገ የአዲስ አበባ ልጅ አለ? እናቴ ሁለት አሮጌ ሱሪና አንድ ጃኬት ይዛ ትወጣለች። ልጁ አገላብጦ ያይና «አንድ ሳፋ» ይላል። ክርክሩ ይጦፋል። በመጨረሻ ጆግ አስጨምራ፣ አሸናፊ ሆና ትገባለች። ሳፋው በብር ስንት እንደሆነ የጠየቀ ግን የለም።

ይቺው ያልተጠየቀች ጥያቄ አሜሪካ ውስጥ ሕግ አስወጥታለች። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1920ዎቹ አሜሪካ ውስጥ አዲስ መኪና ሊገዛ የሚመጣው ሰው አሮጌውን እየነዳ መምጣት ጀመረ። ሻጩ አሮጌውን ይቀበልና ግምቱን ከአዲሱ ዋጋ ላይ ይቀንሳል። ታዲያ ግምቱን ማን ያውጣ? በ1926 የሎስ አንጀለሱ መኪና ነጋዴ ሌስ ኬሊ «ብሉ ቡክ» የተባለውን የዋጋ መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ ግን ለነጋዴዎችና ለባንኮች ነበር። ለተራው ገዢ የተዘጋጀ እትም የወጣው በ1993 ነው። ልብ በሉ! ለ67 ዓመታት አንዱ ተደራዳሪ መጽሐፉን ይዞ፣ ሌላው ባዶ እጁን ነበር የሚቀመጠው።

በ1950ዎቹ ጨዋታው ባሰበት። ሻጮች የአዲሱን ዋጋ ይቆልሉና ለአሮጌው ደግሞ ገዢውን የሚያስደስት ግምት ይሰጡ ነበር። እስቲ በምሳሌ እንየው። አዲሱ ዕቃ 30,000 ዶላር፣ የእርስዎ አሮጌ 8,000 ዶላር ያወጣል እንበል። በትክክል ቢሠራ የሚጨምሩት 22,000 ነው። ሻጩ ግን አዲሱን 34,000 ይልና ለአሮጌው 11,000 ይሰጥዎታል። 3,000 አተረፍኩ ብለው በደስታ 23,000 ይከፍላሉ። የከሰሩት 1,000 የት እንደገባ እንኳ አያዩትም።

የኦክላሆማው ሴናተር ማይክ ሞንሮኒ ያቀረበው ሕግ በ1958 ጸደቀ። ከዚያ ወዲህ አዲስ የቤት መኪና መስታወቱ ላይ አምራቹ የተመነው ዋጋ፣ የተጨማሪ ዕቃዎቹና የማጓጓዣው ሒሳብ ተለጥፎበት ይቀርባል። ገዢው ሳይረከብ ወረቀቱን መላጥ ያስቀጣል። ሻጩ ከዚያ በታች ወይም በላይ መሸጥ ይችላል፤ ገዢው ግን ቢያንስ መነሻውን ያውቃል።

መኪና የሚጎትተው ተንቀሳቃሽ ቤት፣ ካምፐር የሚሉት፣ ከዚህ ሕግ ውጭ ቀረ። ካምፐር ለእኛም ፍጹም እንግዳ አይደለም፤ በ1959 ከኬፕታውን ተነስተው ወደ ካይሮ ከተጓዙት 41 ኤርስትሪሞች ጋር በአገራችን አልፏል። ለብዙ አሜሪካዊ ጡረተኛ ደግሞ ከቤቱ ቀጥሎ ትልቁ ግዢው ነው። እሱን ሲገዛ ዛሬም እንደ 1957ቱ መኪና ገዢ የሻጩን አፍ ነው የሚያየው።

አሮጌን ሰጥቶ መግዛት ሁሌ ሞኝነት ነው እያልኩ አይደለም። በብዙዎቹ የአሜሪካ ግዛቶች የሽያጭ ታክሱ የሚሰላው በልዩነቱ ላይ ስለሆነ ጥቅም አለው። ቁም ነገሩ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። መጀመሪያ የአዲሱን ዋጋ ለብቻው መጨረስ፣ አሮጌውን ከዚያ በኋላ ማንሳት።

ይህንኑ ለእናቴ ነገርኳትና ባለፈው ቅዳሜ ልጁን «ሳፋው በብር ስንት ነው?» አለችው። ልጁ ሳቀና ሱሪውን መለሰላት።