ቢጫ ክሪሳንተመም በጓሮ፦ አተካከል፣ እንክብካቤና አጠቃቀም

በመኖሪያ ግቢያቸው አበባ ለማልማት ከሚፈልጉ ዜጎች መካከል በርካቶች ቢጫ ክሪሳንተመምን ይመርጣሉ። ተክሉ ሰፊ ቦታ አይጠይቅም፤ ከአንድ እናት ተክል ብዙ ችግኝ ማግኘት ይቻላል፤ ተቆርጦ ውኃ ውስጥ ሲቀመጥም ረዘም ላለ ጊዜ ሳይጠወልግ ይቆያል። ይሁን እንጂ ተክሉን ከመትከል በፊት ሊታወቁ የሚገባቸው ሁለት ዐበይት ጉዳዮች አሉ። የመጀመሪያው ተክሉ መቼ እንደሚያብብ የሚወስነው የሌሊቱ ርዝመት መሆኑ ነው። ሁለተኛውና ጤናን የሚመለከተው ጉዳይ ደግሞ ለጌጥ የተመረተ አበባ ለመጠጥ መዋል የሌለበት መሆኑ ነው። ይህ ጽሑፍ ሁለቱን ጉዳዮች መሠረት በማድረግ ስለ አተካከሉ፣ ስለ እንክብካቤውና ስለ አጠቃቀሙ መሠረታዊ መረጃ ይሰጣል።

ስለ ተክሉ ምንነት

ክሪሳንተመም የሚለው ስያሜ «ወርቅ» እና «አበባ» የሚል ትርጉም ካላቸው ሁለት የግሪክ ቃላት የተገኘ ነው። ተክሉ በቻይና ከ2,000 ዓመታት በላይ ሲለማ የኖረ ሲሆን፣ በኋላም ወደ ጃፓን ተሻግሮ የንጉሣዊው ቤተሰብ ምልክት ለመሆን በቅቷል። ዛሬ በአበባ ገበያ የሚገኙት ዝርያዎች አብዛኞቹ ለረጅም ዘመን በተካሄደ የማዳቀል ሥራ የተገኙ ናቸው።

ክሪሳንተመም በአገራችን ከሚታወቁት ከአደይ አበባ፣ ከኑግና ከሱፍ ጋር በአንድ የዕፅዋት ቤተሰብ ይመደባል። የእነዚህ ተክሎች የጋራ ባሕርይ አንድ አበባ መስሎ የሚታየው ክፍል በእርግጥ የበርካታ ጥቃቅን አበቦች ስብስብ መሆኑ ነው። ቢጫ ክሪሳንተመም በቀለሙ አደይን ቢመስልም ተክሉ የተለየ ነው። አደይ በክረምቱ ዝናብ በቅሎ በመስከረም የሚያብብ አገር በቀል ዕፅ ሲሆን፣ ክሪሳንተመም ግን ከተቆረጠ በኋላ ከሥሩ እንደገና የሚያቆጠቁጥና በየዓመቱ የሚታደስ ተክል ነው። በመሆኑም አንዱ የሌላው ምትክ ሊሆን አይችልም። በግቢያቸው አደይ የሚበቅልላቸው ነዋሪዎች የተወሰነው ዘር አፍርቶ እስኪረግፍ ሳይነቅሉ ቢተዉት በሚቀጥለው ዓመትም ያገኙታል።

የቀን ርዝመትና የማበቢያ ጊዜ

አብዛኞቹ የክሪሳንተመም ዝርያዎች እምቡጥ መያዝ የሚጀምሩት የቀኑ ብርሃን ከ13 ሰዓት ተኩል ገደማ ሲያንስ ነው። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የበጋው ቀን ረጅም በመሆኑ ተክሉ በዚያ ወቅት ቅጠል ሲያበዛ ቆይቶ በመጸው ያብባል። በኢትዮጵያ ያለው ሁኔታ ግን ከዚህ ይለያል። በአዲስ አበባ የቀኑ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ከ11 ሰዓት ተኩል እስከ 12 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ገደማ በመሆኑ፣ ተክሉ በማናቸውም ወር እምቡጥ ለመያዝ ዝግጁ ነው።

ይህ ሁኔታ ለአልሚው ሁለት ተግባራዊ ትርጉም አለው።

አንደኛ፣ ደካማ ችግኝ ከተተከለ በቂ ቅርንጫፍ ሳያወጣ በአጭሩ ያብባል። ስለዚህ ጠንካራ ሥር የያዘ ችግኝ መትከልና ጫፉን በወቅቱ መቀንጠብ ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፣ ሌሊቱን ሙሉ በሚበራ የመንገድ ወይም የግቢ መብራት ሥር የተተከለ ክሪሳንተመም ሌሊቱ ቀን ስለሚሆንበት ለምለም ቅጠል እያወጣ ሳያብብ ሊቆይ ይችላል። ተክሉ ጤናማ ሆኖ ሳለ ካላበበ ማዳበሪያ ከመጨመር በፊት በአቅራቢያው የሚበራ መብራት መኖሩን መመልከት ተገቢ ነው። የአበባ እርሻዎች ይህንኑ ባሕርይ በመጠቀም ተክሉ እስኪጠነክር ድረስ ሌሊት መብራት ያበሩለታል፤ እንዲያብብ ሲፈለግም መብራቱን ያጠፋሉ። በመትከያ ዕቃ የተተከለውን በመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ሳምንታት በበረንዳ መብራት አጠገብ አቆይቶ ከዚያ ወደ ጨለማ ቦታ በማዛወር፣ ይኸው ዘዴ በመኖሪያ ቤትም ሊሠራበት ይችላል።

ቦታና አፈር

ተክሉ በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት የፀሐይ ብርሃን የሚያገኝበት ቦታ ይፈልጋል። አፈሩ ውኃ የማይቋጥርና ብስባሽ የበዛበት መሆን አለበት። በጥቁር መረሬ አፈር ላይ የሚተክሉ ሰዎች መደቡን ከመሬቱ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ እንዲያደርጉ ይመከራል፤ ውኃ ሲተኛበት ሥሩ ይበሰብሳልና። በመትከያ ዕቃ የሚተከል ከሆነ ዕቃው ወደ 25 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለውና ከሥሩ ውኃ ማስወጫ ቀዳዳ ያለው ሊሆን ይገባል።

ችግኝ ማዘጋጀትና መትከል

ክሪሳንተመም በዘር ከሚራባ ይልቅ በግንድ ቁራጭ ቢራባ የእናቱን ቀለምና ቅርጽ ይዞ ይወጣል። ክረምት በሚከብድባቸው ደጋና ወይና ደጋ አካባቢዎች የሚከተለው ቅደም ተከተል ተስማሚ ነው።

1. በነሐሴ ወር በሽታ ከሌለበት እናት ተክል ላይ እምቡጥ ያልያዘ ለጋ ጫፍ ከ7 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ርዝመት መቁረጥ፤ መቁረጫውንም አስቀድሞ ማጽዳት።

2. የታችኛዎቹን ቅጠሎች አንስቶ ቁራጩን በእኩል መጠን በተደባለቀ አሸዋና ብስባሽ ውስጥ መትከል።

3. ዝናብና ቀጥተኛ ፀሐይ በማያገኘው ጥላ ሥር እርጥበቱን እየጠበቁ ማቆየት። ሥር ለመያዝ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ይፈጃል።

4. ዝናቡ ሲቀንስ በመስከረም አጋማሽ ወደ መደብ ማዛወር፤ በተክልና በተክል መካከልም ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ርቀት መጠበቅ።

5. ተክሉ ወደ 15 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ የጫፉን 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር መቀንጠብ። ይህም ተክሉ ወደ ጎን ቅርንጫፍ እንዲያወጣ ያደርጋል።

በዚህ አኳኋን የተተከለ ክሪሳንተመም እንደ ዝርያው ዓይነት በኅዳር መጨረሻና በታኅሣሥ ያብባል። የአደይ ወቅት አልፎ ግቢው ሲደርቅ ቢጫው አበባ እስከ ገና ሊዘልቅ ይችላል። ውርጭ በሚጥልባቸው ከፍተኛ ቦታዎች ተክሉን ማታ ማታ በጨርቅ ወይም በሣር መሸፈን ያስፈልጋል። በቆላማ አካባቢዎች ደግሞ የሌሊቱ ሙቀት ማበቡን ሊያዘገየው ስለሚችል ቀዝቀዝ ያለውን ወቅት መምረጥ ይሻላል።

እንክብካቤ

ውኃ መጠጣት ያለበት ከሥሩ ሲሆን ጊዜውም ጠዋት ነው። ቅጠሉ ረጥቦ ካደረ ለበሽታ ይጋለጣል። ጣት በአፈሩ ውስጥ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ሲገባ ደረቅ ሆኖ ከተገኘ ውኃ ማጠጣት ያስፈልጋል። ሥሩ ወደ ላይ የቀረበ በመሆኑ በጥልቀት መኮትኮት ይጎዳዋል፤ ከዚህ ይልቅ አረሙን በእጅ መንቀልና በደረቅ ሣር ጉዝጓዝ መሸፈን ይመረጣል። ጥቂት ነገር ግን ትልልቅ አበቦች የሚፈልግ ሰው በየቅርንጫፉ ከሚገኙት እምቡጦች መካከል የመካከለኛውን ብቻ አስቀርቶ ሌሎቹን በእጁ ማንሳት ይችላል።

ካበበ በኋላ ግንዱ ከመሬት ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቀርቶ ይቆረጣል፤ ከሥሩም አዲስ ቡቃያ ያወጣል። በየ2 ወይም በየ3 ዓመቱ ከአዲሱ ቡቃያ ቁራጭ ወስዶ ተክሉን መተካት አበባው እንዳያንስ ይረዳል።

በሽታና ተባይ

ለጋውን ጫፍ የሚመጠምጠው ክሽክሽ በብዛት ከሚታዩት ተባዮች አንዱ ነው። ቁጥሩ ጥቂት ሲሆን በውኃ ግፊት ማጠብ ይበቃል። ከበዛም በ1 ሊትር ውኃ 1 የሻይ ማንኪያ ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጦ ፀሐይ ሳይበረታ መርጨትና የቅጠሉን ሥር ማዳረስ ይገባል።

ከበሽታዎቹ ይበልጥ አሳሳቢው ነጭ ዋግ ነው። በቅጠሉ የላይኛው ገጽ ፈዛዛ ነጠብጣብ፣ በታችኛው ገጽ ደግሞ ነጭ ወይም ፈዛዛ ሮዝ የመሰለ እብጠት ይታያል። ምልክቱ የታየባቸውን ቅጠሎችና ተክሎች ነቅሎ ማስወገድ ያስፈልጋል፤ ወደ ብስባሽ ጉድጓድ መጣልም ሆነ ከእነርሱ ቁራጭ መውሰድ ተገቢ አይደለም።

ክሪሳንተመም በግቢ መተከሉ ብቻውን ትንኝና ሌሎች ነፍሳትን ያባርራል የሚለው አስተሳሰብ ከስም መመሳሰል የመነጨ ነው። ለፀረ ተባይ መሥሪያነት የሚውለው፣ በጎረቤት ኬንያም ለረጅም ዘመን የተመረተው ፓይሬትረም የተባለው ነጭ አበባ ያለው ዘመዱ ነው። ስለሆነም በቢጫው አበባ በመተማመን የወባ ትንኝ መከላከያ አጎበርን መተው አይገባም።

አጠቃቀም

ለጌጥ፦ አበባው ጠዋት በንጹሕ ቢላዋ አግድም ተቆርጦ፣ ውኃው ውስጥ የሚገቡት ቅጠሎች ተነሥተው፣ ውኃው በየ2 ቀኑ ከተለወጠ እስከ 2 ሳምንት ሊቆይ ይችላል። በጣሊያን፣ በፈረንሳይና በሌሎች አንዳንድ የአውሮፓ አገሮች ክሪሳንተመም በመቃብር ላይ የሚቀመጥ አበባ በመሆኑ፣ በእነዚህ አገሮች የሚኖሩ ወገኖች በስጦታነት ከመስጠታቸው በፊት ይህን ልማድ ቢያስታውሱ መልካም ነው።

ለንብ፦ ንብ የሚያነቡ አባወራዎችና እማወራዎች መካከሉ ግልጽ የሆነውን ነጠላ አበባ ቢመርጡ ንቡ ወለላውንና ጽጌ ብናኙን በቀላሉ ያገኛል። ድርብርብ ቅጠል ያለው አበባ ለንብ የሚሰጠው ጥቅም አነስተኛ ነው።

ለመጠጥ፦ በቻይናና በሌሎች የእስያ አገሮች የደረቀ ክሪሳንተመም በፈላ ውኃ ተዘፍዝፎ ይጠጣል። ለዚህ የሚውሉት ግን ለመጠጥ ተብለው የተለዩና የለሙ ዝርያዎች ናቸው። ከአበባ መሸጫ የተገዛ፣ ለሠርግ ወይም ለበዓል የተዘጋጀ፣ ከእርሻም የተረፈ አበባ ተፈልቶ መጠጣት የለበትም። ለጌጥ በሚመረት አበባ ላይ የሚረጩ ኬሚካሎች አበባው እንደማይበላ ታስቦ የሚመረጡ ናቸው፤ በማጠብም ሆነ በማድረቅ ሙሉ በሙሉ አይወገዱም።

ለመጠጥ የሚውለውን ዝርያ በግቢያቸው የሚያለሙ ሰዎች ኬሚካል ያልተረጨበትንና ከመንገድ አቧራ የራቀውን መደብ ለብቻው መለየት አለባቸው። ችግኙ ከገበያ የተገዛ ከሆነ የመጀመሪያው ዙር አበባ ለጌጥ ብቻ እንዲውል ይመከራል። የተለቀመው አበባ ለ2 ወይም 3 ደቂቃ በእንፋሎት ከቆየ በኋላ በሰፌድ ላይ ተሰጥቶ በጥላ ይደርቃል። የክሪሳንተመም ሻይ የሕክምና ምትክ አይደለም። ነፍሰ ጡሮች፣ የሚያጠቡ እናቶችና መድኃኒት በመውሰድ ላይ ያሉ ሰዎች አስቀድመው የጤና ባለሙያ ሊያማክሩ ይገባል።

ሊደረጉ የሚገባቸው ጥንቃቄዎች

የተክሉ ፈሳሽ በአንዳንድ ሰዎች ላይ የቆዳ ማሳከክና ሽፍታ ያስከትላል። ለአደይ፣ ለሱፍና ለመሰል አበቦች አለርጂ ያለባቸው ሰዎች ተክሉን በጓንት እንዲይዙና ሻዩንም እንዳይጠጡ ይመከራል። ተክሉ ለድመት፣ ለውሻና ለፈረስ መርዛማ በመሆኑ የተቆረጠው ግንድና ቅጠል እንስሳት በማይደርሱበት ቦታ መወገድ አለበት።

ፀረ ተባይ መጠቀም ግድ ከሆነ የተመዘገበና መለያ ጽሑፍ ያለው ምርት ብቻ ጥቅም ላይ ይዋል። ከመጀመሪያ ዕቃው ወደ ለስላሳ መጠጥ ወይም ወደ ውኃ ጠርሙስ ተገልብጦ የሚሸጥ ኬሚካል መግዛትም ሆነ በቤት ማስቀመጥ ለሕፃናት ሕይወት አደገኛ ነው።

ችግኝ ከውጭ አገር ስለማስገባት

ከውጭ አገር ሲመለሱ የክሪሳንተመም ቁራጭ ወይም ችግኝ በሻንጣ ይዞ መምጣት ነጭ ዋግን የመሳሰሉ በሽታዎችን ወደ አገር ሊያስገባ ይችላል። ጉዳቱም በአንድ ግቢ ሳይወሰን ለብዙ ሠራተኞች መተዳደሪያ ወደሆነው የአበባ ልማት ዘርፍ ሊተላለፍ ይችላል። ስለዚህ ችግኝ ለማስገባት የሚፈልግ ማንኛውም ሰው ጉዞ ከመጀመሩ በፊት የማስገቢያ ፈቃድ መጠየቅ፣ ከሚነሣበት አገርም የዕፅዋት ጤና ማረጋገጫ ሰርተፍኬት ማግኘትና መግቢያው ላይ ለኳራንታይን ባለሙያዎች ማሳወቅ ይጠበቅበታል።

ምክርና ድጋፍ ለማግኘት

በተክሉ ላይ ያልተለመደ ምልክት ያየ ዜጋ በሚኖርበት ወረዳ ወይም ክፍለ ከተማ የሚገኘውን የግብርና ጽሕፈት ቤት፣ በገጠርም የቀበሌውን የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ማነጋገር ይችላል። ባለጉዳዩ የታመመውን ቅጠል ፎቶግራፍ፣ ተክሉ የተተከለበትን ወር፣ ችግኙ የተገኘበትን ቦታና የተረጨ ኬሚካል ካለ ስሙን ይዞ ቢቀርብ ባለሙያው ፈጥኖ ምክር ለመስጠት ይችላል። ናሙናውን ይዞ መሄድ ካስፈለገ በሽታው ወደ ሌሎች ግቢዎች እንዳይዛመት በታሸገ ላስቲክ ውስጥ መሆን አለበት። ለጌጥ የተረጨ አበባ ጠጥቶ የሕመም ስሜት የተሰማው ሰው ግን ሳይዘገይ በአቅራቢያው ወደሚገኝ ጤና ተቋም መሄድ፣ የሚቻል ከሆነም የኬሚካሉን መለያ ጽሑፍ ይዞ መቅረብ ይኖርበታል።